«የቁጠባ ባህል የለንም» ምርመራ አይደለም

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። በስማችሁ የተከፈቱ የባንክ አካውንቶች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ከዚያ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ገንዘብ ያስቀመጣችሁባቸውን ብቻ ለይታችሁ ቁጠሩ።

የእኔ ስድስት እና አንድ ነው። የመጀመሪያውን የከፈትኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤተሰብ ገንዘብ እንዲልክልኝ ነው። ሁለተኛውን የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት «ደመወዝ የምንከፍለው በዚህ ባንክ ነው» ስላለኝ። ሦስተኛውን አከራዬ የሚጠቀሙት በዚያ ባንክ ስለሆነ፣ አራተኛውን ለትምህርት ክፍያ። የቀሩትን ሁለቱን ባንክ የሚሠሩ ጓደኞቼ በተለያየ ዓመት ሰኔ ላይ ደውለው «ኮታዬ አልሞላልኝም፣ እባክህ ና» ስላሉኝ ነው። በአንዱ 50 ብር አስገብቻለሁ። ዛሬም እዚያው አለ። ልብ በሉ፣ ከስድስቱ አንዱንም «ልቆጥብ» ብዬ አልከፈትኩም።

ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዷ በቅርቡ እንደገና ደወለች። የአሁኑ አካውንት ክፈትልኝ ለማለት አልነበረም። ባንካቸው ውስጥ አዲስ የሚከፈቱ የቁጠባ አካውንቶች ቁጥር ወርዷል፤ ስብሰባ ተጠርቶ አንድ ስላይድ ታይቷል። ስላይዱ ላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ መስመር አለ፤ ከሥሩ ሦስት ምክንያቶች ተደርድረዋል፦ የኅብረተሰቡ የቁጠባ ባህል ማነስ፣ የገበያ መቀዛቀዝ፣ የሠራተኞች ተነሳሽነት ማነስ። መፍትሔውም ተጽፏል፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮታ ከፍ ይላል፣ ያላሟላ በግምገማ ይታያል። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እስቲ ይሄ ነገር ልክ ነው?» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ትንሽ ረዘም ብሎ። የምተቸው አንድን ባንክ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ስላይድ በየመሥሪያ ቤቱ ታገኙታላችሁ፤ ዛሬ ተማሪ ብትሆኑም ነገ ወይ አዘጋጂዎቹ ወይ በእሱ የምትገመገሙት እናንተ ናችሁ።

መብራት ሲጠፋ የምናደርገው

ማታ መብራት ድርግም ሲል ቤታችሁ ውስጥ ምን ይደረጋል? «የመብራት አጠቃቀም ባህላችን ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል የለም። አንዱ ተነስቶ መጋረጃውን ይገልጥና ወደ ውጭ ያያል፦ «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የጎረቤት ቤት በርቶ ከሆነ ወደ ቆጣሪው እንሄዳለን፤ ካርድ አልቆ ይሆናል፣ ወይ ብሬከሩ ወርዷል። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ከሆነ ቆጣሪውን መነካካት ድካም ብቻ ነው፤ ሻማ እንፈልጋለን።

ይቺ ትንሽ ልማድ ሙሉ የምርመራ ሳይንስ አለባት። እያንዳንዱ ጥያቄ ሊሆኑ ከሚችሉት ምክንያቶች ብዙዎቹን ይጥላል። ጎረቤት ማየት ማለት ማነጻጸሪያ ማግኘት ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ነገር በትልልቅ ስሞች ነው የተማርነው፤ ሥራው ግን መጋረጃ ከመግለጥ አይለይም።

አሁን ወደ ስላይዱ እንመለስ። «የቁጠባ ባህል የለንም» የሚለው መልስ የመጀመሪያውን ፈተና እንኳ አያልፍም። ምክንያቱም ባህል ዘንድሮ ከሌለን አምናም አልነበረንም። አምና ግን ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር። ሳይለወጥ የኖረ ነገር ለውጥን ሊያስረዳ አይችልም። ቁጥሩ ሁልጊዜም ዝቅተኛ ቢሆን ኖሮ ስለ ባህል ማውራት ይቻል ነበር። የተጠየቀው ግን «ለምን ዝቅተኛ ሆነ?» ሳይሆን «ለምን ወረደ?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፣ መልሳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ቆጣሪው ራሱ ይሠራል?

ላቦራቶሪ ውስጥ እንግዳ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መለኪያውን ነው። እዚህም እንዲሁ። «አዲስ አካውንት» ማለት ምን ማለት ነው? ፎርም የተሞላለት? ወይስ የመጀመሪያ ገንዘብ የገባበት? ባንኩ ትርጉሙን በመሃል ቀይሮ ከሆነ አንድም ደንበኛ ሳይቀንስ መስመሩ ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ አካውንት ያለውን ሰው ሁለተኛ አካውንት እንደ አዲስ መቁጠር ከቀረም እንዲሁ ነው።

ቀን መቁጠሪያውም አለ። የእኛ የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ኮታ ያለበት ሰው ሁሉ ሰኔ ላይ ይሯሯጣል። ጓደኞቼ ሁለቱም የደወሉልኝ ሰኔ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ስለዚህ ሐምሌን ከሰኔ ጋር ያወዳደረ ሰው ሁልጊዜ «ውድቀት» ያገኛል። ሐምሌን ከአምናው ሐምሌ ጋር ነው ማወዳደር። ጳጉሜንን ደግሞ እንደ አንድ ወር ቆጥሮ ግራፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ አምስት ቀን ያላት ወር ገደል ስትገባ ያያል። ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ግን ሲስተሙ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሪፖርቱ በእኛ አቆጣጠር በሚሠራበት ቦታ የቀን ስህተት ቀልድ አይደለም።

ከየትኛው ዓመት ነው የወረደው?

ቁጥር ወረደ ስንል ከአንድ ቦታ ነው የወረደው። ያ ቦታ ራሱ ጤነኛ ነበር?

መስከረም 2013ን አስታውሱ። መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀየረ፤ ባለ 200 ብር ኖትም ያኔ መጣ። አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ ከ10 ሺህ ብር በላይ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ገንዘቡን በአካውንት በኩል እንዲያስገባ ይጠየቅ ነበር። አካውንት ያልነበረው ሰው ምን ያደርጋል? ይከፍታል። በእነዚያ ወራት ባንክ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጀምበር የቁጠባ ፍቅር አልያዘውም፤ ማለፍ ያለበት በር ነበር፣ አለፈ።

ከዚያ በፊትም በ2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለቤት ለመመዝገብ የቁጠባ አካውንት ከፈቱ። ደመወዝ በባንክ ይሁን የሚል ድርጅት፣ ክፍያ በባንክ ብቻ የሚቀበል ትምህርት ቤትም እንዲሁ በር ናቸው።

እኔ የማየው ታሪክ ይሄ ነው፦ እኛ አገር ብዙ አካውንት የሚከፈተው ሰው የሆነ በር ለማለፍ ሲፈልግ ነው። በሩ ሲከፈት ቁጥሩ ይነሳል፣ ሰዉ አልፎ ሲያልቅ ይወርዳል። የባህል ከፍታ ስላልነበረ የባህል ውድቀትም የለም። የተቀመጠው «መነሻ» ከእንዲህ ዓይነት ወቅት የተወሰደ ከሆነ፣ የወረደው ቁጥር ወደ ተለመደ ቦታው የተመለሰ ቁጥር ነው።

በአንዴ ነው ወይስ እየደበዘዘ?

የመስመሩ ቅርፅም ይናገራል። መብራት በአንዴ መጥፋትና እየደበዘዘ መሄድ የተለያየ ብልሽት ነው።

ቁጥሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ደረጃ ቁልቁል ከወረደ፣ በዚያ ሳምንት የተለወጠ ነገር ፈልጉ። ለምሳሌ ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ አካውንት ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ይጠየቃል። ዓላማው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ቀን ፋይዳ ያልነበረው ሰው ሁሉ መስኮቱ ጋ ደርሶ ተመልሷል። ወይም የባንኩ አፕ ታድሶ የማረጋገጫ ኮዱ ለአንዳንድ ስልኮች አይደርስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ብልሽት የትኛውም የሠራተኛ ተነሳሽነት አያስተካክለውም።

ቁጥሩ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከተንሸራተተ ደግሞ ሌላ ነው። ቤታችሁ ሮቶ ካለ ተንሳፋፊዋን ኳስ ታውቋታላችሁ። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ኳሷ ትነሳና የሚገባውን ውኃ ታጠበዋለች። ሮቶው ሲሞላ ቧንቧው ዝም ይላል። ቧንቧውን ብቻ የሚያይ ሰው «ውኃ ጠፋ» ይላል፤ ሮቶውን የከፈተ ሰው ግን ሞልቶ ያገኘዋል። «አዲስ የተከፈቱ» የሚለው ቁጥር ቧንቧው ነው፤ በባንኩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ተቀማጭ ሮቶው ነው። ስላይዱ ላይ ግን ሮቶው አልነበረም።

ቀስ ብሎ ለመውረድ ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰዉ ሌላ ቧንቧ አግኝቶ ይሆናል። ዛሬ በአገሪቱ ከ30 በላይ ንግድ ባንኮች አሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «ሳንዱቅ» የተባለ የቁጠባ አገልግሎት በስልክ አቀረበ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ በወለድ ምክንያት ከባንክ ርቀው ለኖሩ ሰዎች አዲስ ምርጫ ሆነ። ከእነዚህ ወደ አንዱ የሄደ ሰው ቁጠባ አላቆመም፤ አድራሻ ነው የቀየረው። ለዚህ ነው «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም ያለበት። በሌሎች ባንኮች ቁጥሩ ካልወረደ «የገበያ መቀዛቀዝ» የሚለው ምክንያት እዚያው ይወድቃል።

ሁለቱም እውነት ተናግረው

አሁን የምወዳትን እንቆቅልሽ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉኝ።

አምና 1,000 ሰዎች አካውንት ለመክፈት ጀመሩ እንበል። 800ዎቹ በቅርንጫፍ፣ 200ዎቹ በስልክ። በቅርንጫፍ ከጀመሩት 60 በመቶው ጨረሱ፤ 480 ሰው። በስልክ ከጀመሩት 20 በመቶው ብቻ ጨረሱ፤ 40 ሰው። ድምር 520።

ዘንድሮም 1,000 ሰዎች ጀመሩ። አሁን ግን 400ው በቅርንጫፍ፣ 600ው በስልክ ነው። ቅርንጫፎች ተሻሽለው 65 በመቶውን አስጨረሱ፤ 260 ሰው። የስልኩ ክፍልም ተሻሽሎ 25 በመቶውን አስጨረሰ፤ 150 ሰው። ድምር 410።

አያችሁ? ፍላጎት አልቀነሰም፤ ሁለቴም 1,000 ሰው ነው የጀመረው። ቅርንጫፉ ተሻሽሏል። አፑም ተሻሽሏል። ጠቅላላው ግን ከ520 ወደ 410 ወርዷል። ስብሰባ ላይ ሁለቱም ክፍሎች «እኛ ጋ መሻሻል አለ» ቢሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተለወጠው ሰዉ የሚገባበት በር ነው፤ ብዙ ሰው ወደሚያንጠባጥበው በር ዞሯል። በስታቲስቲክስ ይህ የሲምፕሰን ፓራዶክስ ዘመድ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ያለው ስላይድ ሊያሳየው አይችልም።

መፍትሔውም በምርመራው ይወሰናል። እዚህ ምሳሌ ውስጥ መጠገን ያለበት በስልክ ሲመዘገቡ 75 በመቶው የሚያቋርጡበት ቦታ ነው። ፎቶ ሲነሱ ነው? መታወቂያ ሲያስገቡ? ኔትወርክ ሲቆራረጥ? የመስኮት ሠራተኛዋን ኮታ መጨመር ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ባህልን እንፈትነው

ለተቃራኒው ሐሳብ ፍትሐዊ ልሁን። «ባህል» የሚለው ቃል ባዶ አይደለም። ከተረፈ የሚቀመጥ እንጂ ቀድሞ የሚነሳ ገንዘብ የሌለው ቤት ብዙ ነው። ባንኮችም ተቀማጭ ካላገኙ ማበደር አይችሉም፤ ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ግን ሳይንስ የሚጠይቀው «ይህ ሐሳብ ስህተት ቢሆን በምን እናውቃለን?» ብሎ ነው።

ባህል ከሌለን እቁብ ምንድን ነው? በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ሳይዛነፍ የሚከፈል፣ ዳኛና ጸሐፊ ያለው፣ ወለድ የማይከፍል ቁጠባ ነው። ሰው ለእቁብ ሲል ከምሳው ይቀንሳል፤ ለምን ቢባል ጓደኞቹ ስለሚያዩት፣ አንድ ቀን ሙሉውን በአንዴ ስለሚያገኘው፣ ዳኛውን በስም ስለሚያውቀው። እንግዲህ የመቆጠብ ፍላጎቱ አለ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ያልፈለገው በባንክ በኩል መቆጠብን ነው።

ለምን አልፈለገም? አንዱን ምክንያት በሂሳብ እንየው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 1,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 1,070 ብር አለው። በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ሆኗል። 1,070ን ለ1,300 ብታካፍሉ 0.82 ገደማ ታገኛላችሁ። ማለትም ከመቶ ብር 18 ብር ያህል የመግዛት አቅም ተንኗል። ያ ሰው በዚያ ዓመት ገንዘቡን ወደ ቆርቆሮ ወይም ወደ ጤፍ ቢቀይረው ባህል አጣ ትሉታላችሁ? እኔ ሂሳብ ያውቃል ነው የምለው።

ወለድም ብቻውን መልስ አይደለም። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ በተደረገ የታወቀ ጥናት ፓስካሊን ዱፓስ እና ጆናታን ሮቢንሰን ወለድ የማይከፍል፣ ሲያወጡም ክፍያ የሚቆርጥ አካውንት ለገበያ ነጋዴዎች አቀረቡ። ብዙ ሴት ነጋዴዎች ተጠቀሙበት፤ ቁጠባቸውም ሥራቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብም ጨመረ። ልክ እንደ እቁቡ፣ ገንዘብን ከእጅ ራቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ቦታ ራሱ ዋጋ አለው።

እንግዲህ የኔ ፈተና ይሄ ነው፦ የባንኩ ቁጥር በወረደበት ጊዜ እቁቡም፣ የስልክ ቁጠባውም፣ የሌሎች ባንኮች ተቀማጭም አብረው ከወረዱ፣ ስህተቴን አምኜ ስለ ሕዝቡ ልማድ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። ስላይዱን ያዘጋጀው ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አላየም።

የተሳሳተ ምርመራ ዋጋው

«እሺ፣ ቢሳሳቱስ ምን ይሆናል?» ልትሉ ትችላላችሁ። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ለሠራተኞቹ ከባድ የሽያጭ ኮታ ሰጥቶ ነበር። ኮታው አልሞላ ሲል ሠራተኞች ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ አካውንት መክፈት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 ነገሩ ሲወጣ ያለፈቃድ የተከፈቱ ሊሆኑ የሚችሉት አካውንቶች 2 ሚሊዮን ገደማ ተባሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ግምቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረሩ። የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሽያጭ ግራፉ ያምር ነበር። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1970ዎቹ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ መለኪያን ግብ ስታደርጉት መለካቱን ያቆማል።

አካውንት መክፈት ራሱ ደግሞ ከመቆጠብ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ነው፤ ተመራማሪዎች በኡጋንዳና በማላዊ ባንክ ለሌላቸው ቤተሰቦች አካውንት በነፃ እንዲከፈትላቸው አደረጉ። በማላዊ 69 በመቶ፣ በኡጋንዳ 54 በመቶ ያህሉ ከፈቱ። ጥሩ ስላይድ ይወጣዋል አይደል? በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ገንዘብ ያስገቡት ግን በማላዊ 10፣ በኡጋንዳ 17 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ለጓደኛዬ የነገርኳት በአጭሩ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እጇን አውጥታ አራት ነገር ትጠይቅ፦ ትርጉሙ ወይም ቀን አቆጣጠሩ ተቀይሯል ወይ? ሌሎች ባንኮችስ? መስመሩ የወረደው በየትኛው ሳምንት ነው፣ ያኔ ምን ተለወጠ? ከጀመሩት ሰዎች ውስጥ የት ላይ ነው የሚያቋርጡት? አምስተኛ ጥያቄም ነበረኝ፤ አምና ከተከፈቱት ውስጥ ዛሬ ገንዘብ የሚገባባቸው ስንቶቹ ናቸው?

«አምስተኛውን አልጠይቅም» አለችኝ። ገባኝ። አምና ሰኔ ላይ ከከፈተቻቸው አንዱ የእኔ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ቆጣቢ ተብዬ ተቆጥሬያለሁ፣ በ50 ብር።

እስቲ እናንተም መጀመሪያ ላይ የቆጠራችኋቸውን ሁለት ቁጥሮች ተመልከቷቸው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉት። አንዱን ቆጣቢ ሰው ለማግኘት ስንት አካውንት እንደተቆጠረ ይነግራችኋል፤ የእኔ ስድስት ነው።